ሱሞ (የትራፊክ ማስመሰያ ሶፍትዌር) ላይ አረንጓዴ በርቶ መኪናው የማይንቀሳቀሰው ለምንድን ነው?

ምልክቱ፦ መብራቱ አረንጓዴ ነው፣ ሰልፉ ግን ቆሟል። 300 ሰከንድ ሲሞላ የፊተኛው መኪና ከቦታው ይጠፋና ወደፊት ባለ መንገድ ላይ ብቅ ይላል። የመልእክት መስኮቱ በቴሌፖርት (የመዝለል) ማስጠንቀቂያ ይሞላል።

«ታይም ቱ ቴሌፖርት»ን (የቆመ መኪና ከመዝለሉ በፊት የሚጠብቀውን ሰከንድ) ወደ 30 አውርዶ ሰልፉን ማጥፋት ጥገና አይደለም፣ ማጭበርበር ነው። የዘለለው መኪና የፊቱን ሰልፍ ስለማይጠብቅ አማካይ የጉዞ ጊዜው ያምራል፤ በዚያ ቁጥር የተሠራ የመብራት ዕቅድ ግን ዋጋ የለውም። ይልቅስ -1 ስጡትና መዝለሉን አጥፉ፤ መቆለፉ ከየት እንደጀመረ ያኔ ይታያል።

መዝለሉ ሳይጠፋ ከወጡት ማስጠንቀቂያዎች የመጀመሪያውን አንብቡ፤ የቀሩት በአብዛኛው የእሱ ውጤት ናቸው። «ሮንግ ሌን» ካለ መኪናው ወደሚታጠፍበት ረድፍ መግባት አልቻለም፤ የረድፎቹን ግንኙነት ኔትኤዲት (የሱሞ የመንገድ ካርታ ማረሚያ) ላይ እዩ። «ዪልድ» ካለ ብዙ ጊዜ ግራ ታጣፊው ትንሹ ጂ (g፣ ለሌላው ቅድሚያ ሰጥቶ የሚያልፍበት አረንጓዴ) ተሰጥቶት ክፍተት አጥቷል። ትልቁ ጂ (G፣ ቅድሚያ ያለው አረንጓዴ) ያለበት የራሱ ፌዝ (የመብራቱ ዙር አንድ ክፍል) ይኑረው፤ በዚያ ፌዝ ከፊት የሚመጣው ቀይ መሆን አለበት።

«ጃም» ካለ፣ የሚደጋገመው እሱ ነውና፣ ካርታውን ጠርጥሩ። ኦፕንስትሪትማፕ (ነፃው የኢንተርኔት ካርታ) ላይ አካፋይ ያለው መንገድ ሁለት መስመር ሆኖ ይሳላል፤ ሁለት እንዲህ ያሉ መንገዶች ሲገናኙ አንዱ መስቀለኛ አራት ኖድ (የመገናኛ ነጥብ) ይሆናል። ኖዶቹ ካልተዋሃዱ በመካከላቸው አጫጭር ቁራጮች ይቀራሉ። መኪና 5 ሜትር ነው፣ ክፍተቱ 2.5፤ ስለዚህ 12 ሜትር ቁራጭ አንድ መኪና እንጂ ሁለት አይዝም። ሁለተኛው አረንጓዴ በርቶለትም ከኋላ ይቆማል። አራቱም ቁራጮች ሲሞሉ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ፣ ክቡ ይቆለፋል።

መፍትሄው ኔትኮንቨርትን (ካርታውን ወደ ሱሞ መንገድ የሚቀይረውን ፕሮግራም) «ጀንክሽንስ ጆይን» (መስቀለኞችን ማዋሃጃውን) አብርቶ እንደገና ማስኬድ ነው። ኖዶች የሚዋሃዱበት ርቀት ካልተነካ 10 ሜትር ነው፤ አካፋዩ ሰፊ ከሆነ 20 ወይም 25 ሞክሩ። 60 የሚጽፍ አለ፤ የጎረቤት ቅያሱንም አብሮ ይውጠዋል። አንድ መስቀለኛ ብቻ ከሆነ ኔትኤዲት ላይ ኖዶቹን መርጦ ኤፍ7፣ ቀጥሎ ኤፍ5።

ከተዋሃደ በኋላ የድሮውን የመብራት ፕሮግራም መልሳችሁ አትለጥፉ! የግንኙነቶቹ ቁጥርና ተራ ተቀይሯል፤ የፌዙ ፊደላት ብዛት (ለእያንዳንዱ ግንኙነት አንድ ፊደል ነው) ባይገጥም ስህተት ይወጣል፣ በአጋጣሚ ቢገጥም ደግሞ አረንጓዴው ለሌላ አቅጣጫ ይበራል፤ ይሄኛው ይብሳል።

ሰልፉ በመንገዱ ላይ ሳይታይ ጊዜው ከጠፋ፣ መኪኖቹ ለመግባት ከካርታው ውጭ እየጠበቁ ነው፤ «ዲፓርት ዲሌይ»ን (ለመግባት የጠበቁትን ጊዜ) ቁጠሩ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ሰልፉ ካደገ ሒሳቡን ሥሩ። አንድ ረድፍ በሰዓት 1800 መኪና ገደማ ያሳልፋል፤ ከ90 ሰከንድ 30ው አረንጓዴ ከሆነ 600 ነው። 900 ከላካችሁበት ሱሞ ትክክል ነው።