ልጁን ቤት ላስተምረው ወይ? ገና ለመጣችሁ ቤተሰቦች

ከመጣን በሦስተኛው ወር ልጄን ከትምህርት ቤት አወጣሁት። አወጣሁት ስል፣ በቃ መላክ አቆምኩ። ሰኞ ቀረ፣ ማክሰኞም ቀረ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አዲስ አበባ እያለ አፉ የማያርፍ ልጅ ቨርጂኒያ መጥቶ ሦስት ወር ሙሉ ክፍል ውስጥ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሲቀመጥ፣ ማታ ማታ ደግሞ "ሆዴን አመመኝ፣ ነገ አልሄድም" ሲለኝ አንጀቴ አልቻለም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ "ሆም ስኩል አድርጊው፣ አሜሪካ እኮ ነው፣ ይቻላል" አለችኝ። ልክ ናት፣ ይቻላል። እንዴት እንደሚቻል ግን እሷም አልነገረችኝ፣ እኔም አልጠየቅኩም። በሁለተኛው ሳምንት ልጁ የቀረባቸውን ቀናት ቆጥሮ ምክንያቱን የሚጠይቅ ደብዳቤ መጣ። ማንበብ እንኳን ፈራሁ።

እናንተ እንደዚያ አታድርጉ። መጀመሪያ ወረቀቱን አስገቡ፣ ከዚያ ልጁን አስቀሩ።

ልጅን ቤት ማስተማር በ50ዎቹም ስቴቶች ሕጋዊ ነው። ሕጉ ግን የየስቴቱ ነው። ቴክሳስ እናስተምራለን ብሎ ማስመዝገብ የለም፤ ልጁ መንግሥት ትምህርት ቤት ተመዝግቦ ከነበረ ብቻ መውጣቱን ማሳወቅ ነው። ሜሪላንድ ከመጀመራችሁ 15 ቀን በፊት ታሳውቃላችሁ፣ በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ የልጁን ሥራ ሰብስባችሁ ታሳያላችሁ። ስለዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች እህታችሁ የሞላችው ፎርም ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ላላችሁት አይሠራም፣ ምንም ቅርብ ብትሆኑ።

አውሮፓ ላላችሁት ነገሩ ሌላ ነው። ጀርመን ልጅን ቤት ማስተማር ክልክል ነው፣ ቅጣትም አለው። ስዊድን በፈረንጅ ከ2011 ጀምሮ በጣም ልዩ ምክንያት ካልሆነ አይፈቀድም። እንግሊዝ አገር ይቻላል። የአሜሪካ ዘመዳችሁ በቴሌግራም የላከችላችሁን ምክር ፍራንክፈርት ላይ እንዳትሞክሩት።

እኔ የማውቀው ቨርጂኒያን ነው። ደብዳቤው የሚሄደው ለርእሰ መምህሩ ሳይሆን ለካውንቲው ወይም ለከተማው የትምህርት ሱፐርኢንተንደንት፣ ማለትም ለትምህርት ቤቶቹ ሁሉ የበላይ ኃላፊ ነው፣ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15። እንደ እኔ ዓመቱ ከተጀመረ በኋላ ከሆነ ወዲያው ታሳውቁና የቀረውን በ30 ቀን ታሟላላችሁ። የምታስተምሯቸውን የትምህርት ዓይነቶች ትዘረዝራላችሁ፣ ማስተማር እንደምትችሉ የሚያሳይ ማስረጃም ታያይዛላችሁ። ብዙ ሰው የ12ኛ ክፍል ወይም የዲግሪ ወረቀቱን ነው የሚያያይዘው፣ ከአባትና ከእናት የአንዱ ይበቃል። ክትባቱ ቤት ስለተማረ አይቀርለትም። የልደት ቀኑንም ደግማችሁ እዩት። የኔ ልጅ ጥቅምት 10 ቀን 2006 ነው የተወለደው፣ ኦክቶበር 20 ቀን 2013 ማለት ነው። መዝጋቢዋ 2006ን እንዳለ ወስዳ የዘጠኝ ዓመቱን ልጅ አሥራ ስድስት ዓመት ልታደርገው ነበር።

ዓመቱ ሲያልቅ እስከ ኦገስት 1 ልጁ መማሩን ማሳየት አለባችሁ። አንዱ መንገድ ፈተና ነው፣ ቢያንስ 23ኛው ፐርሰንታይል ላይ መድረስ አለበት፣ ከመቶ ልጆች 23ቱን ያህል መብለጥ እንደማለት ነው። ፈተናው ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ገና ለመጣ ልጅ ይከብዳል። ሌላው መንገድ የማስተማር ፈቃድ ያለው፣ ወይም ማስተርስና ከዚያ በላይ ያለው፣ የልጁን ትምህርት የሚያውቅ ሰው የሚጽፈው የግምገማ ደብዳቤ ነው። በእኛ ሰፈር ማስተርስ ይዞ ፓርኪንግ የሚሠራ ሰው ሞልቷል። ጠይቁ፣ ደስ ብሎት ነው የሚያነብላችሁ።

አሁን የወረቀቱን ተዉትና ኑሮውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ላይ ቤቱን ክፍል አስመሰልኩት፤ በጠዋት መቀስቀስ፣ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ፣ ደወል ብቻ ነበር የቀረኝ። በሳምንቱ ተኮራረፍን። ለአንድ ልጅ ብቻ ስታስተምሩ በቀን ሦስት ሰዓት ከበቂ በላይ ነው። ሒሳቡን ካን አካዳሚ በሚባለው የኢንተርኔት ትምህርት ይሠራል፣ ነፃ ነው። ከላይብረሪ መጽሐፍ በካርቶን እናመጣለን፣ እሱም ነፃ። አማርኛውን እናቴ ያዘችው። ሀሁን እሷ ራሷ ከየኔታ ነበር የተማረችው፣ አሁን በቪዲዮ ታስቆጥረው ጀመር። እዚህ ጠዋት 9 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፣ ቡናዋን እያፈላች ነው የምታስተምረው።

የሚጎዳው እንቅልፍ ነበር። እኔ የማታ ሽፍት ነኝ፣ ባለቤቴ ቀን ታክሲ ይነዳል። ላፕቶፕ ከፍቶ ለልጅ ሰጥቶ መተኛት ሆም ስኩል አይደለም። ሞክሬዋለሁ። እንግሊዝኛውም ከእኔ ነበር የሚማረው፤ የኔ እንግሊዝኛ ደግሞ ለሥራ ይበቃል እንጂ ከልጅ ጋር ኳስ አይጫወትም።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ቤት ማስተማሩን አልመክርም የምለው ለዚህ ነው። ልጄ ዝም ያለው ትምህርት ቤቱ ክፉ ሆኖ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን የጀመረው ስናስመዘግበው ከእኔ ነው። "ቤት የምትናገሩት ቋንቋ ምንድን ነው?" የሚለው ፎርም ላይ እንግሊዝኛ ብዬ ሞላሁ። ዝቅ ያደርጉታል ብዬ ፈርቼ ነው፤ ብዙዎቻችን እንደዚህ እናደርጋለን። አማርኛ ብሎ ለሚሞላ ልጅ ቋንቋውን ይፈትኑትና የእንግሊዝኛ ድጋፍ ይሰጡታል። ከአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ1974 (በፈረንጅ) ውሳኔ ጀምሮ ትምህርት ቤቱ የመርዳት ግዴታ አለበት። እኔ በገዛ እጄ አስቀረሁበት። አማርኛ ብላችሁ ሙሉ። ወረቀታችን አላለቀም ብላችሁ ልጅ ቤት የምታስቀምጡም ካላችሁ፣ የዚያው ፍርድ ቤት የ1982 ውሳኔ የመኖሪያ ወረቀት የለውም ብሎ ልጅን ከመንግሥት ትምህርት ቤት መመለስ ይከለክላል።

9ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ሁለት ጊዜ አስቡ። እዚያ የሚቆጠረው ክሬዲት ነው፣ ለመመረቅ ከየትምህርቱ የሚጠራቀመው ነጥብ። ቤት የተማረውን አንቀበልም ካሉ ልጁ ወደ ኋላ ይቀራል።

የኔ ልጅ ዓመት ከአምስት ወር ቤት ቆይቶ በሴፕቴምበር ተመለሰ። ፎርሙን አስተካክዬ፣ ድጋፉ ተሰጥቶት። አሁን መምህሩ ወሬ አበዛ ብሎ ኢሜይል ይልክልኛል። የእናቴ ክፍል ወደ ቅዳሜ ተዛወረ። ኖቬምበር ላይ እዚህ ሰዓት ሲቀየር የእሷ 10 ሰዓት 11 ይሆናል፣ በየዓመቱ አንድ ሰዓት ቀድማ ትደውልና ሁላችንንም ከእንቅልፍ ታነሳናለች። "ሰዓት ደግሞ እንዴት ይቀየራል?" ትላለች።