ጌኮ ጣት ላይ ተጣብቆ ለሚቀር ቆዳ

ሌፐርድ ጌኮ (ቤት ውስጥ የምትያዝ ትንሽ እንሽላሊት) ቆዳዋን ስትቀይር ጣቶቿ ላይ እንደ ቀለበት የሚቀር ቁራጭ አለ። ሲደርቅ እየጠበበ ደም ያግዳል፤ ችላ ከተባለ ጣቷ ይረግፋል። መከላከያው ርካሽ ነው፦ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ጎኑን እሷን በሚያስገባ ልክ ቀዳችሁ ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አለስልሱ፤ ውስጡ እርጥብ ሶፍት አንጥፋችሁ በመኖሪያዋ ሞቃት ጎን አስቀምጡት። ሙቀቱ ውሃውን ስለሚያተን እርጥበቱ እዚያው ታምቆ ቆዳውን ያላላል፣ የቀረው ቤቷ ደረቅ ሆኖ። ሶፍቱን በየ2 ወይም 3 ቀኑ ቀይሩት፣ ይሻግታል። ቤቱን በሙሉ ውሃ መርጨት ግን ይቅርባችሁ፤ የደረቅ አገር እንስሳ ናት፣ ሳንባዋን ያማታል።

ቆዳው ከቀረም እግሯን ብቻ በሚሸፍን 30 ዲግሪ ገደማ ለብ ያለ ውሃ 15 ደቂቃ አቆዩአትና በእርጥብ የጆሮ ጥጥ ወደ ጣቷ ጫፍ በቀስታ አሹት። በደረቁ አትጎትቱ፣ ጤነኛውን ቆዳ ይዞ ይመጣል። ጣቱ ካበጠ ወይም ከጠቆረ ወደ እንስሳት ሐኪም ነው።