ሳይበራ የቆየ ኮምፒውተርን ለበዓል ስብሰባ ማዘጋጀት

በኒው ጀርሲ የሚገኘው የኢንፎኤጅ ሙዚየም ግቢ ቀድሞ ካምፕ ኢቫንስ የሚባል የአሜሪካ ጦር የሬዲዮና የራዳር ምርምር ጣቢያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 1946 ወደ ጨረቃ የተላከው የራዳር ሞገድ ነጥሮ ሲመለስ የተያዘው በዚሁ ስፍራ ነው። የድሮ ኮምፒውተር ወዳጆች ዛሬ የሚሰባሰቡበት ይህን የመሰለ ግቢ፣ በበዓል ሰሞን ማሽን ይዞ ለሚመጣ ሰው ትልቅ ደስታ አለው። ደስታው እንዳይበላሽ ግን ዋናው ሥራ ቤት ማለቅ አለበት፤ ከሁሉ በፊትም ፓወር ሰፕላዩ (የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ በሚስማማ መጠን የሚሰጠው መሣሪያ) ሳይለካ ኮምፒውተሩ ላይ መሰካት የለበትም።

ኮሞዶር 64ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው ይህ ማሽን 5 ቮልት ዲሲ (ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ) እና 9 ቮልት ኤሲ (ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ) የሚሰጥ፣ ከኮምፒውተሩ የተለየ ፓወር ሰፕላይ አለው። የብዙዎቹ ውስጥ በደረቅ ሙጫ የተሞላ በመሆኑ ሙቀቱ እንደልብ አይወጣም፤ ከዕድሜ ብዛት ቮልቴጅ የሚቆጣጠረው ክፍል ሲበላሽ በ5 ቮልቱ መስመር ከልክ ያለፈ ኃይል ይለቅና የሜሞሪ ቺፖችን ያቃጥላል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ሳያገናኙ ፓወር ሰፕላዩን ብቻ ግድግዳው ላይ ይሰኩት፤ የመሰኪያውን እግሮች ቁጥር የሚያሳይ ንድፍ ከፊትዎ አድርገው የመልቲሜትሩን (የቮልቴጅ መለኪያውን) ጥቁር ሽቦ 2ኛው እግር ላይ፣ ቀዩን 5ኛው ላይ ያሳርፉ። ንባቡ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ካልሆነ አይጠቀሙበት። ጤናማ ሆኖ የተነበበውም ሲሞቅ ሊከዳ ስለሚችል፣ በእኔ እምነት አዲስ የተሠራ ፓወር ሰፕላይ መግዛት ከሁሉ ይሻላል፤ የተቃጠለን ቺፕ መተካት ከዚያ የበለጠ ያደክማል።

ባትሪ ያላቸውን ማሽኖች ግን መክፈት ግድ ነው። አሚጋ 2000 በሚባለው ሌላ የኮሞዶር ኮምፒውተር ማዘርቦርድ (ዋና ሰሌዳ) ላይ የተበየደው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ሲያፈስ አረንጓዴ ዝገት ይታያል፤ ባትሪውን ነቅሎ ቦታውን በጥቂት ኮምጣጤ ካረጠቡ በኋላ በአይሶፕሮፒል አልኮልና በጥርስ ብሩሽ ማጽዳት ያስፈልጋል። እንደ አፕል ኩባንያው ማኪንቶሽ ባሉ ኮምፒውተሮች ላይ ስክሪን ያለበትን ክፍል ልምድ የሌለው ሰው አይክፈተው፤ ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ቮልቴጅ ይዞ ይቆያል።

ከአውሮፓ ወይም ከአገር ቤት የመጣ ማሽን ለ220 ቮልት የተሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ 120 ቮልት ባለበት አሜሪካ ትራንስፎርመር ይያዙለት።

ስብሰባው ታኅሣሥ ላይ ከሆነ ብርዱን አይርሱ። ከቀዘቀዘ መኪና ወደ ሞቀ አዳራሽ የገባ ማሽን ውስጡ ጤዛ ይቋጥራልና፣ እንደ አዳራሹ እስኪሞቅ ሳይበራ ይቆይ። ኮሞዶር 64 ሲበራ በሰማያዊ ስክሪን ላይ 38911 የሚለው ቁጥር ከወጣ ቤዚክ በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ለሚጻፍ ፕሮግራም የቀረው ሜሞሪ በሙሉ ተገኝቷል ማለት ነው፤ ቁጥሩ ካነሰ ወይም ስክሪኑ ባዶ ከሆነ ወዲያው ያጥፉትና በግቢው ካሉት ባለሙያዎች አንዱን ያማክሩ።