ለወላጅ እንዴት ይነገራል? መምህር ከተማሪው ቤት ጋር የሚገናኝበት መንገድ

ከትምህርት ቤት ስልክ የተደወለለት ወላጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው «ልጄ ምን ሆነ?» ብሎ ነው። እንዲህ የሚያስበው እስከዚያ ቀን ድረስ ለደህና ነገር የደወለለት መምህር ስለሌለ ነው። መምህርና ወላጅ የሚተዋወቁት ልጁ ባጠፋ ቀን ከሆነ ንግግራቸው ገና ሳይጀመር ተበላሽቷል። እዚህ የማስቀምጠው በማስተማር ሥራዬ እየሞከርኩ ያገኘሁትንና የሠራልኝን ነው። አብዛኛው ቀላል ነው። መጥፎ ወሬ የሚነገርበት ክፍል ግን ከባድ ስለሆነ እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ማንን፣ በምን፣ መቼ

ትምህርት በተጀመረበት ሳምንት ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አጭር ቅጽ ወደ ቤት ይላኩ። ስምና ስልክ ቁጥር ብቻ አይበቃም። ልጁን በየቀኑ የሚያየው ሰው አያት፣ አክስት ወይም ታላቅ እህት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «የአባት ስም፣ የእናት ስም» ከማለት «ልጁን የሚያሳድጉት» ቢባል ይሻላል፤ እናት ወይም አባት የሌለው ልጅ ባዶ መስመር ይዞ ከመመለስ ይድናል። ቀጥሎ በየትኛው ቋንቋ ቢነገራቸው እንደሚመርጡ፣ በስንት ሰዓት ስልክ ማንሳት እንደሚችሉ፣ ጽሑፍ ወይስ ድምፅ እንደሚመቻቸው ይጠይቁ። «ማንበብ ይችላሉ?» ብሎ መጠየቅ ሰው ያሳፍራል። «ድምፅ ይሻለኛል» የሚል አማራጭ ካለ ግን ቅጹን ሌላ ሰው ያነበበለት ወላጅም ሳይሸማቀቅ ይመርጠዋል።

ወላጆቹ ተለያይተው ከሆነ ስለ ልጁ መረጃ እንዲሰጠው የሚፈቀድለት ማን እንደሆነ ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ያረጋግጡ። ይህ በግምት የሚሠራ ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ደህና ወሬ

ችግር ሳይመጣ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ደህና ወሬ ያድርሱ። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል እንኳ በቀን ሦስት ቤት ቢዳረስ በአራት ሳምንት ያልቃል። ሲጀምሩ ከዝምተኞቹ ይጀምሩ። ጎበዞቹም ረባሾቹም ስማቸው ቶሎ ይያዛል፤ መሀል ላይ ያሉት ግን ማንም ሳያነሳቸው ዓመቱ ያልፋል።

«ጎበዝ ልጅ ነው» የሚለውን ወላጅ ብዙ ጊዜ ሰምቶታል፣ ከልብም አይቆጥረውም። በዓይን የታየ አንድ ነገር ይንገሩት፦ «ዛሬ አዲስ የመጣው ተማሪ መጽሐፍ አልነበረውም፤ ልጅዎ ማንም ሳይነግረው አጠገቡ አስቀምጦ አጋራው።» ይህን የሰማ ወላጅ መምህሩ ልጁን በእርግጥ እንደሚያየው ያውቃል። ከሁለት ወር በኋላ ከባድ ነገር ይዘው ሲደውሉ የሚያዳምጥዎት በዚህ ምክንያት ነው።

የቱ ወሬ በየት ይሂድ

የፈተና ቀን፣ የስብሰባ ጥሪ፣ ልጆች ይዘው የሚመጡት ዕቃ ለሁሉም እኩል የሚነገር ነው። ለዚህ የቴሌግራም ቻናል እመርጣለሁ። የወላጆች ግሩፕ ግን አልወድም፣ ምክንያት አለኝ። ግሩፕ ውስጥ አንድ እናት ስለ ልጇ ውጤት ስትጠይቅ ሁሉም ቤት ይሰማል። ሌሊት የተጻፈ አንድ ቅሬታ ጠዋት ላይ የሃምሳ ሰው ቅሬታ ሆኖ ይገኛል። ዋትስአፕ ግሩፕ ላይ ደግሞ አባላቱ አንዱ የሌላውን ስልክ ቁጥር ያያል። ቻናል ላይ የሚጽፈው አስተዳዳሪው ብቻ ነው፤ ተከታዮቹም እርስ በርስ አይተያዩም። የግል ጥያቄ ያለው ለብቻ ይጽፍልዎታል።

ዋትስአፕ ብቻ የሚጠቀሙ ወላጆች ካሉ «ብሮድካስት ሊስት» አለ። አንድ ሊስት እስከ 256 ሰው ይይዛል፣ መልእክቱም ለእያንዳንዱ ለብቻው የተላከ ሆኖ ይገባል። ነገር ግን የእርስዎን ቁጥር ስልኩ ላይ ያልመዘገበ ሰው መልእክቱ አይደርሰውም። ብዙ መምህር ይህን ሳያውቅ «ላክሁ እኮ» ይላል፤ ወላጁም «አልደረሰኝም» ይላል፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ቁጥርዎን እንዲመዘግብ ያድርጉ።

ኢንተርኔት ለሌለው ስልክ አጭር የጽሑፍ መልእክት ከሁሉም የታመነ ነው። እዚህ ላይ በእኛ ፊደል ለምንጽፍ ሰዎች አንድ ልዩነት አለ። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ምልክት ሲይዝ በግዕዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው፣ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። ከ70 ካለፈ መልእክቱ ለሁለት ይከፈላል፣ የሁለት መልእክት ሒሳብም ይቆረጣል። ስለዚህ ሰላምታውንና መግቢያውን ትተው ፍሬ ነገሩን ይጻፉ፦ «የ5ኛ ሀ የሒሳብ ፈተና ከነገ ወደ ሐሙስ ተዛውሯል።» ይህ ከ40 በታች ነው፣ ምንም አልጎደለውም።

ኮሙኒኬሽን ቡክ፣ መምህርና ወላጅ የሚጻጻፉበት ደብተር፣ ለታናናሾቹ ክፍሎች ጥሩ ነው። ተሸክሞት የሚሄደው ግን ልጁ ራሱ እንደሆነ አይርሱ። ልጁ ፊት የማይናገሩትን እዚያ ላይ አይጻፉ። የተማሪ ውጤትና ፎቶም በጋራ ቻናል ላይ አይለጠፍ።

ከባዱ ክፍል፦ መጥፎ ወሬ

ከደብተርም ከቴሌግራምም በፊት መወሰን ያለበት ነገር ቢኖር ከባድ ወሬ በጽሑፍ አለመሄዱ ነው። ጽሑፍ ድምፅ የለውም፤ የተጨነቀ ሰው ሲያነበው ቁጣ ሆኖ ይሰማዋል። ይደውሉ ወይም ያስጠሩ።

ከመደወልዎ በፊት ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ያየሁት፣ የሞከርኩት፣ ከቤት የምፈልገው። ሦስተኛው ባዶ ከሆነ ገና አይደውሉ። ከቤት ምን እንደሚፈልጉ ሳያውቁ ከደወሉ ንዴትዎን ወደ ሌላ ሰው ማሻገር ብቻ ይሆናል። ከክፍል እንደወጡ በሞቀ ስሜት መደወልም እንደዚሁ ነው፤ ትንሽ ይቆዩ።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ወላጁን ያሳርፍ። «ጤና ይስጥልኝ፣ የልጅዎ የሒሳብ መምህር ነኝ። ልጅዎ ደህና ነው፣ ክፍል ውስጥ ነው። አሁን ትንሽ መነጋገር ይመችዎታል?» ይህ ካልተባለ ወላጁ ቀጥሎ ያለውን አይሰማም፤ ልቡ ሆስፒታል ነው።

ከዚያ ያዩትን ይናገሩ፣ ፍርዱን ይተዉት። «ሰነፍ ሆኗል»፣ «ረባሽ ነው»፣ «ሐሳቡ አይሰበሰብም» የሚሉት ሁሉ ፍርድ ናቸው። ፍርድ የሰማ ወላጅ ወይ ለልጁ ይከራከራል፣ ወይ ልጁን ይቀጣል። ሁለቱም የቤት ሥራውን አያሠሩትም። «ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ሦስት የቤት ሥራ አላመጣም። ስጠይቀው ዝም ይላል። ወደ ፊት አምጥቼ አስቀመጥኩት፤ የክፍል ሥራውን አሁን ይሠራል፣ የቤት ሥራው ግን እንዳለ ነው» ሲባል ግን የሚያከራክር ነገር የለም። ደግሞም መምህሩ የራሱን ሞክሮ እንደመጣ ይታያል።

አንድ ባልደረባዬ ለአንድ አባት በስልክ «ልጅዎ ትዋሻለች» አለው። አባትየው ስልኩን ዘጋው። ልጅቷ በማግስቱ አልመጣችም፤ ስትመለስም ያን መምህር ቀና ብላ አላየችውም፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችውም። የሆነው ነገር እውነት ነበር፤ ደብተሯን ረስታ ሳይሆን ሳትሠራ ነው የመጣችው። «ደብተሬን ረሳሁ ብላኝ ነበር፣ በኋላ ቦርሳዋ ውስጥ አየሁት» ቢባል ኖሮ ያው እውነት ይነገር ነበር፣ ልጅቷም በዚያች አንዲት ቃል አትጠራም ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው ከሁሉ ይከብዳል፦ መጠየቅና ዝም ማለት። «ቤት ውስጥ እርስዎ ምን አስተዋሉ?» ይበሉና ያቁሙ። ዝምታው ይረዝማል። መምህር ስለሆንን ባዶውን ጊዜ በማብራሪያ መሙላት ይቀናናል፤ እባክዎ አይሙሉት። እናቱ የሥራ ሰዓት ቀይራ ማታ ቤት እንደማትኖር፣ ታናሾቹን የሚያስተኛቸው እሱ እንደሆነ፣ ወይም ሰሌዳው ከሩቅ እንደማይታየው የሚነገረው በዚህች ዝምታ ውስጥ ነው። ይህን ሰምተው የያዙት ዕቅድ ከንቱ ሆኖ ከተገኘ ዕቅዱን ይቀይሩ።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ። ዛሬ ማታ የሚደረግ፣ ትምህርቱን የማያውቅ ወላጅም የሚችለው ይሁን። «ይከታተሉት» ማለት ጥያቄ አይደለም፤ ወላጁ ስልኩን ሲዘጋ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። «ከመተኛቱ በፊት ደብተሩን ገልጦ የሠራውን እንዲያሳይዎት ይጠይቁት፤ ትክክል ይሁን አይሁን ማረሙ የእኔ ሥራ ነው» ሲባል ግን ያውቃል።

ይህ የእኔ እምነት ብቻ አይደለም። ማቲው ክራፍትና ቶድ ሮጀርስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት አሜሪካ ውስጥ በእረፍት ወራት የማካካሻ ትምህርት ለሚወስዱ ተማሪዎች ወላጆች በሳምንት አንድ ዓረፍተ ነገር ከመምህሩ ይላክላቸው ነበር። መልእክት ካልደረሳቸው ወገኖች ከ100 ተማሪ ወደ 16ቱ ትምህርቱን ሳያልፉ ሲቀሩ፣ በደረሳቸው በኩል ይህ ወደ 9 ወረደ። ከሙገሳውም ይልቅ ልጁ ምን ማሻሻል እንዳለበት የሚናገረው ዓረፍተ ነገር የበለጠ የሠራ ይመስላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ማንም መምህር ጊዜ የማያጣለት ነው።

ከመዝጋትዎ በፊት ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛው «ዛሬ ቤት ሲገባ ምን ሊሉት አስበዋል?» የሚለው ነው። መልሱ ዱላ ከሆነ አሁኑኑ ይነጋገሩበት፦ «የደወልኩት እንዲቀጣ ብዬ አይደለም፤ ከእርስዎ ጋር ሆነን እንድናግዘው ነው» ይበሉ። የእርስዎ ስልክ ለልጅ ዱላ ምክንያት ከሆነ ያ ልጅ ሁለተኛ እውነቱን አይነግርዎትም። የልጁ ደኅንነት ከልብ ካሳሰበዎት ጉዳዩን ያንኑ ቀን ለሚመለከተው የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ያሳውቁ። ሁለተኛው ቀጠሮ ነው፦ «ዓርብ እደውልልዎታለሁ።» ዓርብ ይደውሉ። ነገሩ ተስተካክሎ ከሆነ ደግሞ የግድ ይደውሉ፤ ደብተሩን ማታ ማታ ሲገልጥ የከረመ ወላጅ ፍሬውን መስማት አለበት።

ስለ መቅረት

ቀሪ ሲበዛ «ብዙ ቀረ» አይበሉ፣ ድምሩን ይንገሩ። ፊላደልፊያ ውስጥ በተሠራና እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት ወላጆች ልጃቸው የቀረበትን ቀን አሳንሰው እንደሚገምቱ ታይቷል። እስካሁን ስንት ቀን እንደቀረ ቁጥሩ በደብዳቤ ሲነገራቸው ሥር የሰደደው መቅረት 10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ቀነሰ። አንድ አንድ ቀን የቀረ ልጅ ወላጅ እያንዳንዱን ቀን ከነምክንያቱ ያስታውሳል፤ ድምሩን የያዘው ግን የእርስዎ መዝገብ ነው።

ፊት ለፊት ሲገናኙ

ኮሪደር ላይ ቆሞ ማውራት ይቅር። ጠረጴዛ መሀል ሳያደርጉ ጎን ለጎን ይቀመጡና የልጁን ደብተር ፊታችሁ ይዘርጉ፤ ሁለታችሁም የምታዩት ደብተሩን ይሆናል። ወላጁ በሌላ ቋንቋ የሚናገር ከሆነ ልጁን አስተርጓሚ አያድርጉት። ስለ ራሱ ጥፋት ሊተረጉም አይችልም፣ ሊጠየቅም አይገባም። ሌላ መምህር ወይም ወላጁ ራሱ የሚያምነው አዋቂ ይፈለግ።

ተቆጥቶ የመጣን ወላጅ እስኪጨርስ አያቋርጡት። ነገሩን በመሀል ማስረዳት እሳቱን ያባብሰዋል። ማስታወሻ ይያዙ፤ ሲጨርስ «የሰማሁት ይህንን ነው፣ ልክ ነኝ?» ብለው ይመልሱለት። ብዙው ቁጣ እዚህ ላይ ይበርዳል። ስድብ ከመጣ ግን ንግግሩን አቁመው ምክትል ርዕሰ መምህሩ ባሉበት ሌላ ቀን ይያዙ።

መልስ የማይሰጡት

ስልክ የማያነሳ ወላጅ ስለ ልጁ ግድ የለውም ብሎ መደምደም ቀላል ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ስህተት ነው። ሥራ ላይ ስልክ የሚከለከል አለ። በተማሪነቱ ከትምህርት ቤት ስድብ ብቻ ያተረፈ፣ ዛሬም ቁጥሩን ሲያይ የሚፈራ አለ። መጀመሪያ ሰዓቱን ይቀይሩ፤ ከዚያ መንገዱን፣ በድምፅ መልእክት ይሞክሩ፤ ከዚያ ሰውየውን፣ ቅጹ ላይ ሁለተኛ የተጻፈውን ያናግሩ። የድምፅ መልእክቱን ሲልኩ ደህና ወሬ ያስቀድሙ።

ለራስዎ

መልስ የሚሰጡበትን ሰዓት በዓመቱ መጀመሪያ ያስታውቁና ይጠብቁት። ማታ የጻፉትን ቴሌግራም ላይ የመላኪያውን ምልክት ተጭነው ቢቆዩ የሚላክበትን ሰዓት የመወሰን አማራጭ ይመጣል፤ ጠዋት እንዲሄድ ያድርጉት። ሌሊት የሚጽፍ መምህር ሌሊት መልስ ይጠበቅበታል።

ከእያንዳንዱ ንግግር በኋላ በአንድ ደብተር ላይ ቀኑን፣ ያናገሩትን ሰው፣ የተስማሙበትን አንድ መስመር ይጻፉ። ዓመቱ ሲያልቅ ከዚያ ውስጥ የተለየ ምስጢር የሆነውን ትተው የትኛው ቤት በስንት ሰዓት ስልክ እንደሚያነሳ፣ ማን ቢነገረው እንደሚሻል ለቀጣዩ የክፍል ኃላፊ ያስረክቡ። እሱ ቅጽ እስኪሞላ ሳይጠብቅ በመጀመሪያው ሳምንት ደህና ወሬ ይዞ መደወል ይችላል።