የሚዩል ፓልም ችግርና መፍትሄ፦ ከታችኛው ቅጠል እስከ አበባው

ሚዩል ፓልም ከሁለት የደቡብ አሜሪካ ዘንባባዎች የተገኘ ዲቃላ ነው። እናቱ ፒንዶ ፓልም (ቡቲያ) ብርድ ትችላለች፤ እድገቷ ግን ዝግ ያለ ነው። አባቱ ኩዊን ፓልም (ሲያግረስ) ፈጣንና ቁመናው ያማረ ሲሆን ውርጭ ሲመጣ ቶሎ ይጎዳል። የመጀመሪያው ማዳቀል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፈረንሳይ ደቡብ የተካሄደ ነው፤ አዳቃዩ ናቦናንድም ስሙ በዛፉ ሳይንሳዊ መጠሪያ (ቡቲያግረስ ናቦናንዲ) ውስጥ ይገኛል። ዛሬ በቴክሳስ፣ በሰሜን ፍሎሪዳና በጆርጂያ፣ ኩዊን ፓልም በማይዘልቅባቸው ግቢዎች በብዛት ይተከላል። መሬት ከያዘ በኋላ በፍጥነት ያድጋል፤ ቁመቱ ከ6 እስከ 10 ሜትር፣ የቅጠሎቹ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 5 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከቤት ግድግዳ ቢያንስ 3 ሜትር ሳይርቅ የተተከለ ከሆነ የሚመጣው ችግር የማዳበሪያ ሳይሆን የመጋዝ ነው።

አንድ ነገር ሲበላሽ ማዳበሪያም መድኃኒትም ከመግዛት በፊት መታየት ያለበት የትኛው ቅጠል እንደታመመ ነው፤ የታችኛው አሮጌው ወይስ ከመሐል የሚወጣው አዲሱ? ዛፉ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ሲያጥረው ከአሮጌ ቅጠሎቹ እየመጠጠ ለአዲሶቹ ይሰጣል፤ ስለዚህ ጉዳቱ ከታች ይጀምራል። ማንጋኒዝ፣ ብረትና ቦሮን ግን ከቅጠል ወደ ቅጠል አይዘዋወሩም፤ እጥረታቸው የሚታየው በአዲሱ ላይ ነው። የተጎዳ ቅጠል ተመልሶ እንደማይድንም ከወዲሁ ይታወቅ። የሕክምናው ውጤት የሚለካው ቀጥሎ በሚወጡት ቅጠሎች ነው።

የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ነጠብጣብ አውጥተው ጫፋቸው ደርቋል

ይህ ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ነው። ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አንሥተው ቢያዩት ብርሃን የሚያሳልፉ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ የንዑስ ቅጠሎቹ (በቅጠሉ ዘንግ ግራና ቀኝ የተደረደሩት) ጫፍ ቡናማ ሆኖ ይሰባበራል፤ ጉዳቱ ከቅጠሉ ሥር ይልቅ ወደ ጫፉ ይብሳል። የፖታሲየም እጥረት ነው። ነጠብጣብ ሳይኖር የቅጠሉ ጠርዝ ሰፊ ቢጫ ጥለት ይዞ መሐሉ አረንጓዴ ከቀረ ደግሞ ማግኒዚየም ጎድሏል።

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የሣር ማዳበሪያ ነው። ለሣር የሚሸጠው ናይትሮጅን ይበዛበታል። ናይትሮጅኑ ዛፉን እንዲያድግ ሲገፋው ለእድገቱ የሚበቃ ፖታሲየም አያገኝም፤ እጥረቱ ይባባሳል። የዘንባባ ሥር ደግሞ ከቅጠሉ ጥላ አልፎ ሩቅ ስለሚሄድ ሣሩ ላይ የተበተነው ሁሉ ይደርሰዋል። ከግንዱ እስከ 9 ሜትር ድረስ ላለው ሣርም ቢሆን የዘንባባውን ማዳበሪያ መጠቀም ይሻላል። አረም ማጥፊያ የተቀላቀለበት የሣር ማዳበሪያማ ዘንባባው አጠገብ መድረስ የለበትም።

የሚገዛው ከረጢቱ ላይ 8-2-12 (በቅደም ተከተል የናይትሮጅን፣ የፎስፈረስና የፖታሲየም በመቶኛ) እና 4 በመቶ ማግኒዚየም የሚል ነው። ቁጥሩ ብቻ አይበቃም፤ ናይትሮጅኑም ፖታሲየሙም ማግኒዚየሙም በዝግታ የሚለቀቁ መሆናቸውን ከጀርባው ያንብቡ። ናይትሮጅኑ ብቻ ዝግተኛ ሆኖ ፖታሲየሙ ፈጥኖ የሚሟሟ ከሆነ ፖታሲየሙ በዝናብ ታጥቦ ያልቅና ናይትሮጅኑ ለብቻው ይቀራል፤ ያም ተመልሶ የሣር ማዳበሪያ መሆን ነው። መጠኑ ከቅጠሎቹ በታች ላለው መሬት በካሬ ሜትር 73 ግራም ያህል ነው። የቅጠሎቹ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 4 ሜትር ለሆነ ዛፍ ወደ 900 ግራም፣ ማለትም ሁለት ፓውንድ ይሆናል። ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቆ በእኩል ይበተናል፤ አንድ ቦታ አይከመርም። በየሦስት ወሩ ይደገማል፤ መሬት በሚቀዘቅዝበት አካባቢ ግን ከማርች እስከ ሴፕቴምበር ሦስት ጊዜ ይበቃል።

እስከዚያው መጋዙን ያስቀምጡ። ያ ነጠብጣባም ቅጠል የዛፉ የፖታሲየም ጎተራ ነው። ቆርጠው ሲጥሉት ዛፉ ከቀጣዩ ቅጠል መምጠጥ ይጀምራል፤ ያም ያረጃል፤ ባለቤቱ እሱንም ይቆርጣል። በመጨረሻ ጭንቅላቱ ላይ አምስት ስድስት ቅጠል ብቻ የቀረው፣ አንገቱ የቀጠነ ዛፍ ይቀራል። ሙሉ በሙሉ ደርቆ ቡናማ የሆነውን ብቻ ይቁረጡ፤ ግማሽ አረንጓዴ ያለበት ይቆይ። ግቢ የሚያጸዱ ሠራተኞች አውሎ ነፋስ እንዳይጥለው ብለው ወደ ላይ የቆሙትን ብቻ ትተው ሌላውን ይልጣሉ፤ ዘንባባውን የሚያደክም እንጂ የሚያጠነክር አይደለም። አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ከአግድም መስመር በላይ ያለ ቅጠል አይነካም። ቅጠሉ ሁሉ በአዲስ እስኪተካ ዓመት ሁለት ዓመት ይወስዳልና ትዕግሥት ይጠይቃል።

አዲሱ ቅጠል አጭር፣ የተኮማተረና የተቃጠለ መስሎ ይወጣል

ጉዳቱ በቅጠሉ ሥር ብሶ ወደ ጫፉ የሚቀንስ ከሆነ የማንጋኒዝ እጥረት ነው። ከፖታሲየሙ ጋር ቦታው ተገላቢጦሽ መሆኑን ልብ ይበሉ። ይህን ድክመት ከአባቱ ከኩዊን ፓልም ወርሶታል፤ ቸል ከተባለ የዘንባባውን ልብ (አዲስ ቅጠል የሚወጣበትን የመሐል ቡቃያ) ገድሎ ዛፉን ይጨርሰዋል።

በዳላስ፣ በኦስቲንና በሳን አንቶኒዮ አካባቢ መሬቱ ኖራማ ስለሆነ ማንጋኒዙ በአፈር ውስጥ እያለ እንኳ ሥሩ ሊወስደው አይችልም። አዲስ በተሠራ ቤት ዙሪያ የተቀበረ የሲሚንቶ ፍርስራሽም ያንኑ ያደርጋል። ብዙ ፍግ ወይም ከፍሳሽ ዝቃጭ የተሠራ ኮምፖስት መጨመርም አይረዳም፤ ማንጋኒዝን አስሮ ይይዘዋል። በፀደይ መጀመሪያ አንድ ቅጠል ብቻ እንዲህ ቢወጣና የሚቀጥለው ጤነኛ ከሆነ ግን መሬቱ ቀዝቅዞ ስለነበር ነው፤ አይደንግጡ።

መፍትሄው ማንጋኒዝ ሰልፌት ነው። ማንጋኒዝ ኦክሳይድ የሚል ከሆነ አይግዙ፤ አይሟሟም። ለትንሽ ዛፍ 225 ግራም ከቅጠሎቹ ጥላ ሥር በትኖ ውኃ ማጠጣት ነው፤ ለትልቅ ዛፍና ለኖራማ መሬት መጠኑ ይጨምራል፤ በየሁለት ሦስት ወሩም ይደገማል። ፈጣን እርዳታ ካስፈለገ በአንድ ሊትር ውኃ 3.6 ግራም ተሟሙቶ ቅጠሉ ላይ ይረጫል፤ ይህ ማቆያ ነው፤ የመሬቱን አይተካም።

አዲሱ ቅጠል ሳይኮማተር እንዲሁ ቢጫ ሆኖ ከወጣ ብረት ጎድሏል፤ ምክንያቱ ግን ብዙውን ጊዜ የብረት ማነስ ሳይሆን የሥር መታፈን ነው፤ ከዚህ በታች «ፈጣን ነው ተብሎ ተገዝቶ አልጨመረም» የሚለውን ክፍል ይመልከቱ። የንዑስ ቅጠሉ ጫፍ እንደ መንጠቆ ከታጠፈ ወይም ቅጠሉ ተጣብቆ አልከፈት ካለ ቦሮን ጎድሏል። ለትልቅ ዛፍ ከ60 እስከ 120 ግራም ቦራክስ በ20 ሊትር ውኃ አሟሙቶ ከጥላው ሥር ማፍሰስ፤ ከዚያ ለአምስት ወር አለመድገም። ከመጠን ያለፈ ቦሮን መርዝ ስለሆነ «ትንሽ ልጨምርለት» የማይባልበት ነው።

ከውርጭ በኋላ ያልተከፈተው የመሐል ለጋ ሲጎተት ተነቅሎ ይወጣል

መሬት የለመደ ትልቅ ሚዩል ፓልም ከ15 እስከ 18 ፋራናይት (-9 እስከ -8 ሴልሺየስ) ለአጭር ሰዓት ይቋቋማል፤ ገና የተተከለው ከዚያ ቀደም ብሎ ይጎዳል። በፌብሩዋሪ 2021 ዳላስ -2 ፋራናይት (-19 ሴልሺየስ) ስትደርስ ይህ ዲቃላ ያለ መከላከያ የሚተርፍበት ሁኔታ አልነበረም።

ውርጩ ለጋውን ሥሩ ላይ ይገድለዋል፤ ከዚያ ባክቴሪያና ሻጋታ ይገቡና ያበሰብሱታል። ለጋው በቀላል ጉተታ ወጥቶ ሥሩ ከሸተተ፦

1. የላላውን ብቻ ያውጡ፤ በቢላ ወደ ልቡ አይቆፍሩ።
2. 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቀዳዳው ውስጥ ያፍስሱ፤ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ይጠብቁና ይደርቅ።
3. በመዳብ የተሠራ ፀረ ፈንገስ በመለያው መጠን ያፍስሱ፤ ከ10 ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ይድገሙ። ከዚያ በላይ መዳብ ራሱ ይጎዳል።
4. ዝናብ በላዩ እንዳይገባ ከላይ ይከልሉ፤ አየር ግን ያግኝ።

ቀለማቸው የጠፋ ቅጠሎች ቢያስጠሉም ብርዱ ፈጽሞ እስኪያልፍ አይቆረጡ። አዲስ ቅጠል እስከ ኦገስት ድረስ ሊዘገይ ስለሚችል በማርች ዛፉን ነቅሎ መጣል ችኮላ ነው። መጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ሦስት ቅጠሎች የተቆራረጡና የተጣመሙ ይሆናሉ፤ ያ የዳነ ዛፍ ምልክት ነው።

ለሚቀጥለው ብርድ ቅጠሎቹን ወደ ላይ ሰብስበው በገመድ ያስሩ፣ የድሮውን የሚሞቅ የገና አምፖል ግንዱና ልቡ ዙሪያ ጠምጥመው በውርጭ መከላከያ ጨርቅ ይሸፍኑ። ኤልኢዲ አምፖል ሙቀት ስለማይሰጥ ለዚህ አይረባም፤ ቅጠሉን የሚነካ ፕላስቲክም ብርዱን ያሳልፋል። አምፖሎቹ ደረቅ ቅጠል ወይም ጨርቅ ላይ እንዳይተኙ ያስተካክሉ፤ እሳት ይነሣል።

ፈጣን ነው ተብሎ ተገዝቶ አልጨመረም

የመጀመሪያውን ዓመት ሥር ይሠራል፤ ከላይ ብዙ አይታይም። ሥሩም የሚሠራው መሬቱ ከ18 ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ ስለሆነ በመከር የተተከለ ዛፍ ብርዱን ቆሞ ያሳልፋል። የመትከያው ጊዜ ከአፕሪል መጨረሻ እስከ ጁን ነው። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ አራት እስከ ስድስት ወር በየሁለት ሦስት ቀኑ ውኃ ይፈልጋል፤ እርጥብ እንጂ ረግረግ መሆን የለበትም።

ሁለተኛ ዓመቱን አልፎም ከቆመ ጣትዎን ግንዱ ሥር አስገብተው የላይኞቹን ሥሮች ይፈልጉ። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተቀበሩ ጥልቅ ተተክሏል፤ ሥሩ አየር አጥቶ ታፍኗል። ትንሽ ከሆነ በሞቃት ወር ነቅለው ከፍ ያድርጉት፤ ትልቅ ከሆነ በዙሪያው ያለውን ትርፍ አፈር ይግፈፉለት። የእንጨት ፍቅፋቂ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ማልበስ ጥሩ ነው፤ ግንዱን ግን አይነካም። በሣር መቁረጫው ክር ግንዱን መግጠብም አለ። ዘንባባ ቁስል አይደፍንም፤ የተገጠበው ቦታ ዕድሜውን ሙሉ ክፍት በር ነው።

አያብብም፤ ወይም ያብባል እንጂ አያፈራም

ግንድ ሳያወጣ አበባ አይጠበቅም። ግንድ ኖሮት ካላበበ ፀሐዩን ይዩ፤ በቀን ከስድስት ሰዓት ያነሰ የሚያገኝ ዛፍ ቅጠል ብቻ ይሰጣል። ሌላው ሰበብ ያው መጋዝ ነው፤ የአበባ ዘለላ የሚወጣው ከቅጠሉ ብብት ስለሆነ ቅጠል የጨረሰ አበባውንም ጨርሷል። አበባው ሲመጣ በመጀመሪያ እንደ ጦር የሾለ እንጨታማ ሽፋን ይታያል። በሽታ መስሏቸው የሚቆርጡት አሉ፤ ይተዉት፤ ተሰንጥቆ ቢጫማ ዘለላ ይዘረጋል፤ ንቦችም ይመጣሉ።

አገር ቤት የምናውቀው የሆሳዕና ዘንባባ ወንዴና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ነው። ሚዩል ፓልም ግን ሁለቱንም አበባ በአንድ ዘለላ ይይዛል፤ ስለዚህ ጓደኛ ዛፍ መግዛት ምንም አይለውጥም። የማያፈራው ዲቃላ ስለሆነ ነው፤ ፍሬ ቢያንጠለጥልም ውስጡ ብዙውን ጊዜ ዘር የለውም። የሚስተካከል ችግር አይደለም።

ይልቁንስ በየዓመቱ ብዙ ፍሬ እያዘነበ ከሥሩ ችግኝ የሚያበቅል ከሆነ የተሸጠልዎ ሌላ ነው። ማዳቀሉ የሚከናወነው የፒንዶን ወንዴ አበባ በእጅ አራግፎ የኩዊንን ብናኝ በመነስነስ ነው፤ ወንዴዎቹ ቀድመው ካልተወገዱ ንጹህ ፒንዶ ይበቅላል። የፒንዶ ቅጠል ግራጫ ሰማያዊ ሆኖ ወደ መሬት ይቀለበሳል፤ ዘንጉ ጠርዝ ላይ እሾህ አለው። የኩዊን ንዑስ ቅጠሎች ጥቁር አረንጓዴ፣ ለስላሳና በየአቅጣጫው የተበተኑ ናቸው። ሚዩል መሐል ላይ ነው። ገና ያልተከፋፈለ ቅጠል ባለው ትንሽ ችግኝ ላይ ይህ ስለማይታይ፣ ዋጋው ውድ መሆኑን እያሰቡ ቅጠሉ የተከፋፈለውን ይግዙ።

ቅጠሉ በአንድ ጎን ብቻ ደርቆ ዛፉ በጥቂት ወራት ቡናማ ይሆናል

የታችኛው ቅጠል ግማሽ ጎኑ ደርቆ ሌላው አረንጓዴ ከሆነ፣ ዘንጉም ላይ ረጅም ቡናማ መስመር ካለ የፉዛሪየም ጠውላግነት ይጠርጠር። ኩዊን ፓልምንና ይህንን ዲቃላ ያጠቃል፤ ከሁለት ሦስት ወር ውስጥ ይገድላል፤ መድኃኒት የለውም። በመጋዝ ከዛፍ ወደ ዛፍ ስለሚተላለፍ መሣሪያው ከእያንዳንዱ ዛፍ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በሦስት እጅ ውኃ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይዘፈዘፍ፤ ሠራተኛ ሲቀጥሩም ይህን አስቀድመው ይስማሙ። ዛፉ ከሞተ ነቅለው ቦታው ላይ ሌላ ኩዊን ወይም ሚዩል አይትከሉ።

ከግንዱ ሥር እስከ 1.5 ሜትር ባለው ላይ እንደ መደርደሪያ የወጣ ጠንካራ እንጉዳይ ካዩ ጋኖደርማ ነው። ግንዱን ከውስጥ ስለሚበላው ዛፉ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ሊወድቅ ይችላል፤ ቤት ወይም መኪና አጠገብ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ይቆረጥ። ይህ ፈንገስ ሁሉንም ዓይነት ዘንባባ ይይዛልና እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ዘንባባ ያልሆነ ዛፍ ይተከላል።