ሲጋራ ማቆም ላቃታችሁ፦ መጀመሪያ ከጭሱ ውጡ

ይሄን የምጽፈው ለሚያጨስ አዋቂ ሰው ነው። የማታጨሱ ከሆነ ከዚህ በታች ከማነሳቸው ነገሮች አንዱንም አትጀምሩ፤ ኒኮቲን በማስቲካም መጣ በቬፕ (በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ያው ሱስ ነው። እርግፍ አድርጎ መተው የሚችል ሰው ካለ ደግሞ እሰየው፣ ከሱ የሚሻል መንገድ የለም። ወሬዬ «ሰኞ አቆማለሁ» እያለ ሰኞው ከተደራረበበት ሰው ጋር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱስ የሚያስይዘን ኒኮቲኑ ነው፣ የሚገድለን ግን በዋናነት ጭሱ። ትምባሆ ሲቃጠል ከ7000 በላይ ኬሚካሎች ይወጣሉ፤ ከነሱ 70 ገደማ የሚሆኑት ካንሰር አምጪ ናቸው። ካርቦን ሞኖክሳይዱም ደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል። ኒኮቲንም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፣ የልብ ምት ያፈጥናል፣ ግፊት ይጨምራል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይንካው። ግን ኒኮቲኑን ለጊዜው ከሌላ ቦታ እያገኙ ጭሱን ዛሬውኑ መተው ይቻላል።

«እኔ እኮ ቀንሻለሁ» የምትሉ፣ ይቅርታ፣ እሱ ብዙ አያስኬድም። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው በቀን አንድ ፍሬ ብቻ የሚያጨስ ሰው 20 የሚያጨሰው ላይ ካለው ተጨማሪ የልብ ሕመም አደጋ ግማሽ ያህሉን ይሸከማል። «ላይት» የሚባለውም ያው ነው፤ ሰው በጥልቀት እየሳበ ያካክሰዋል። ሺሻም ውሃው አያጣራላችሁም፣ የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨመርበታል እንጂ።

አሁን ወደ ሥራው። ፋርማሲ ሄዳችሁ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የኒኮቲን ፓች ወይም የኒኮቲን ማስቲካ ጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። አንዱ ፋርማሲ «የለም» ቢላችሁ ሌላውን ሞክሩ። በቀን ከ10 ፍሬ በላይ የምታጨሱ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከ21 ሚሊግራሙ ፓች ነው፤ 6 ሳምንት እሱን፣ ከዚያ 2 ሳምንት 14ቱን፣ ከዚያ 2 ሳምንት 7ቱን። ጠዋት ንጹሕና ደረቅ፣ ፀጉር የሌለበት ቆዳ ላይ ለጥፉት፣ ክንድ ወይም ጀርባ ጥሩ ነው። ቆዳው እንዳይቆጣ በየቀኑ ቦታ ቀይሩ። ሌሊት ቅዠት ካበዛባችሁ ስትተኙ አውልቁት። ያወለቃችሁትንም የሚለጠፈውን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ልጅ የማይደርስበት ጣሉ።

ማስቲካው ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። እንደ ተራ ማስቲካ ካኘካችሁት ኒኮቲኑን ከምራቅ ጋር ትውጡታላችሁ፣ ከዚያ ስቅታና ቃር ይይዛችሁና «ይሄ ነገር አልተስማማኝም» ብላችሁ ትተዉታላችሁ። ቀስ ብላችሁ አኝኩ፤ እንደ በርበሬ ለብለብ ሲያደርጋችሁ አቁሙና በጉንጭና በድድ መካከል ውሸቁት። ለብለቡ ሲጠፋ ደግማችሁ አኝኩ። እንዲህ እያደረጋችሁ 30 ደቂቃ ያህል ታቆዩታላችሁ። ከእንቅልፍ በተነሳችሁ በ30 ደቂቃ ውስጥ የምትለኩሱ ከሆነ 4 ሚሊግራሙን፣ ካልሆነ 2ቱን ውሰዱ። ፓችና ማስቲካ አብሮ መጠቀምም ይቻላል፣ እንዲያውም ከአንዱ ብቻ ይሻላል፤ ፓቹ ቀኑን ሙሉ ይይዛችኋል፣ ማስቲካው ድንገት ሀራራ ሲነሳ ይደርስላችኋል።

ቡናን ለብቻው ላንሳው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እሱ ላይ ነው የሚወድቀው። አንደኛ፣ ማስቲካው አፍ ውስጥ እያለም ሆነ ከዚያ በፊት ባሉት 15 ደቂቃዎች ቡና ወይም ለስላሳ አትጠጡ፤ አሲዱ ኒኮቲኑ በአፍ በኩል ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። ሁለተኛው ደግሞ ማንም የማይነግራችሁ ነው። የሲጋራ ጭስ ጉበታችን ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ጭሱን ስትተዉ ያ ፍጥነት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወርዳል፣ እና ድሮ የምትጠጡት ያው ቡና ደማችሁ ውስጥ የሚተወው ካፌይን እጥፍ ገደማ ሊደርስ ይችላል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ልብ ይመታል፣ እኛ «ሱሱ ነው» እንላለን። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡናውን በግማሽ ቀንሱ። አቦሉን አሳልፉና ከቶናው ጀምሩ፣ በረካውን ሳይጠጡ መነሳት እንደሆነ ጋባዥ አይፈቅድም። በዚሁ ምክንያት ኦላንዛፒን፣ ክሎዛፒን ወይም ቲዮፊሊን የምትወስዱ ሰዎች ከማቆማችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ መጠኑ መስተካከል ሊኖርበት ይችላል።

በርጫ ላይ ያለ ሲጋራ መቀመጥ፣ ከዚያ ጨብሲ መውጣት... እዚህ ጋ ምክር የለኝም። ቢያንስ የመጀመሪያውን ወር ራቁ። ሀራራው የሚከፋው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ አንድ ጊዜ ሲነሳ ግን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይበርዳል። ሱቅ በደረቴው በአጠገባችሁ ሲያልፍ ያችን ጥቂት ደቂቃ ነው ማለፍ ያለባችሁ።

ቬፕስ? አገር ቤት ላላችሁ መልሱ አጭር ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማስገባትም መሸጥም ከልክሏል፣ ሺሻንም እንደዚያው። ከውጭ ለሚመጣው ዘመድ «ቬፕ ያዝልኝ» ከማለት «ፓች ያዝልኝ» በሉት። እንግሊዝ ያላችሁ ሌላ ነው። እዚያ የጤና ባለሥልጣናቱ ራሳቸው ለአጫሽ ሰው ቬፕን ከሲጋራ ያነሰ ጉዳት ያለው መውጫ አድርገው ያቀርባሉ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ለአንድ ሚሊዮን አጫሾች የቬፕ ማስጀመሪያ የመስጠት ዕቅድም አውጥተዋል። አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ዓይነት ግን ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከልክሏል፣ የሚሞላውን ነው መያዝ። ገልፍ ያላችሁ ደግሞ የአገራችሁን ሕግ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ኤምሬትስ ትፈቅዳለች፣ ኳታር ግን ከልክላለች። የትም ሁኑ፣ ቀን ቬፕ ማታ ሲጋራ ካደረጋችሁት ከጭሱ አልወጣችሁም። ፈሳሹን ከልጅ አርቁ፣ ከተጠጣ መርዝ ነው።

አንድ ቀን ተሳስታችሁ አንድ ፍሬ ብትለኩሱ ፓቹን አውልቃችሁ አትጣሉ። ሲጋራውን አጥፉ፣ የቀረውን ፓኮ ከቤት አውጡ፣ ፓቹ እንደተለጠፈ ይቀጥል። በማግሥቱም ሀራራው ካየለ መጠኑ አንሷችሁ ሊሆን ይችላልና ፋርማሲስቱን አነጋግሩ።