የድረ ገጽ ዋና ርዕስ ለጉግል ፍለጋ እንዴት ይጻፋል?

በብዙ የአማርኛ ድረ ገጾች አናት ላይ በትልልቅ ፊደል የሚነበበው «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ሰላምታ ነው። ሰላምታው መልካም ቢሆንም ገጹ ስለ ምን እንደሆነ ለአንባቢም ሆነ ለጉግል አይናገርም፤ ቦታው የዋናው ርዕስ ነው። ዋና ርዕስ የምንለው በኤችቲኤምኤል (ድረ ገጽ በሚጻፍበት ኮድ) «ኤች 1» በተባለው ታግ፣ ማለትም የጽሑፉን ሚና በሚገልጽ የኮድ ምልክት ውስጥ የሚገባውን ጽሑፍ ሲሆን፣ ፊደሉን ማግዘፍና ማድመቅ ብቻውን አንድን መስመር ርዕስ አያደርገውም።

ርዕሱን ከመጻፍዎ በፊት ገጹ የሚመልሰውን አንድ ጥያቄ ለይተው ይወቁ። ገጹ እንጀራ መጋገርን የሚያስተምር ከሆነ «የጤፍ እንጀራ አሠራር፦ ከእርሾ እስከ ምጣድ» የሚለው አንባቢው የሚያገኘውን በግልጽ ይነግረዋል። «እንጀራ፣ የጤፍ እንጀራ፣ ምርጥ እንጀራ፣ የእንጀራ አሠራር» ብሎ ቃላትን መደርደር ግን ጉግል በደንቡ የሚከለክለው የቁልፍ ቃል ማጨቅ ነው፤ አንባቢንም ያሸሻል። ሊጥ ማቡካት፣ አብሲት መጣልና ምጣድ ማሟሸት ደግሞ እያንዳንዳቸው በ«ኤች 2» ንዑስ ርዕስ ይሁኑ። ይህ ቅደም ተከተል በተለይ ገጹን በስክሪን ሪደር (ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) ለሚያዳምጡ ዓይነ ስውራን እጅግ ይጠቅማል፤ ከርዕስ ወደ ርዕስ እየዘለሉ የሚፈልጉትን የሚያገኙት በእነዚህ ታጎች ነውና።

ለአማርኛ ጸሐፊ ትልቁ ጥያቄ የፊደል አጻጻፍ ይመስለኛል። «አሠራር» እና «አሰራር» ለአንባቢ አንድ ቢሆኑም በኮምፒዩተር ዘንድ የተለያዩ ሆሄያት ናቸው። ስለዚህ በጉግል ሰርች ኮንሶል (ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባዘጋጀው መሣሪያ) የአፈጻጸም ዘገባ ውስጥ ሰዎች ምን ብለው ጽፈው ወደ ገጽዎ እንደመጡ ይመልከቱ፤ በርዕሱ ላይ የሚበዛውን አጻጻፍ መጠቀም ተገቢ ነው። ርዕሱን እንደ ሥዕል ሠርቶ መለጠፍም ይቅር፤ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያሉ ነጻ ፎንቶች ስላሉ ርዕሱን በእውነተኛ ጽሑፍ አሳምሮ ማሳየት ይቻላል።

በብራውዘሩ ትር ላይ የሚታየው የ«ታይትል» ታግ ከዋናው ርዕስ የተለየ ነው። ጉግል በውጤት ገጹ ላይ የሚያሳየውን አርእስት በአብዛኛው የሚወስደው ከዚህ ታግ ቢሆንም፣ አንዳንድ ጊዜ ዋናውን ርዕስ ይጠቀማል። ሁለቱ ቃል በቃል አንድ እንዲሆኑ ግድ አይደለም፤ ስለተለያየ ጉዳይ ግን መናገር አይገባቸውም።

በአንድ ገጽ ከአንድ በላይ «ኤች 1» መኖሩ ቅጣት እንደማያስከትል የጉግሉ ጆን ሙለር እ.ኤ.አ. በ2019 አስረድቷል። እኔ ግን አንዱን እመርጣለሁ፤ የገጹን ዓላማ ጥርት አድርጎ ለማሰብ ያስገድዳልና። በዎርድፕረስ (ድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር) የጽሑፉ አርእስት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ «ኤች 1» ስለሚሆን፣ በጽሑፉ ውስጥ ከ«ኤች 2» ይጀምሩ። አንዳንድ ቴምፕሌቶች (ዝግጁ የገጽ ንድፎች) የድርጅቱን አርማ በ«ኤች 1» ስለሚያስገቡ የሁሉም ገጾች ዋና ርዕስ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ የገጹን ምንጭ ኮድ ከፍተው ያረጋግጡ።

አሮጌ ርዕስ ሲያሻሽሉ የገጹን አድራሻ እንዳለ ይተዉት። መቀየሩ ግድ ከሆነ፣ ከአሮጌው ወደ አዲሱ አድራሻ የሚወስድ የ301 ቋሚ ማዛወሪያ ያስቀምጡ።